ካርቶን ሳለ

አጎቴ ዕድሜውን ሙሉ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ የትራክተር ሞተር ሲያድስ ኖረ። ናፍጣ የሚረጩትን ኖዝሎች በናፍጣ አጥቦ፣ በነሐስ ቡሩሽ ጠርጎ ሲያበቃ፣ አረጫጨታቸውን ካርቶን ላይ ያይ ነበር። እጄን ጠጋ ካደረግሁ በመፍቻ መታ ያደርገኝና፣ "ካርቶን ሳለ እጅ አይላክም! ይህ ናፍጣ በግፊት ሲወጣ ሥጋ ይበሳል" ይለኛል።

ዘንድሮ ሰሊጥ መዝሪያው ሲደርስ አንድ የትራክተር ባለቤት መጥቶ አናታችን ላይ ቆመ። "ያላ፣ ያ ኡስታ! ፍጠን እንጂ፣ የመሬቱ እርጥበት ሊያመልጠኝ ነው!" እያለ አጎቴን አጣደፈው። ካርቶኑ ተቆርጦ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። አጎቴ ሰውየውን አስቁሞ ካርቶኑን ሊያመጣ ለመነሣት አፈረ መሰለኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ኖዝሉ ፊት እጁን ላከ።

ናፍጣው ሲበሳው እሾህ የወጋው ያህል ነበር፤ ደም እንኳ አልወጣውም። ከዚያ ክንዱ እስከ ትከሻው ጠቆረ። ሳምንት ሳይሞላው ቀበርነው።

ባለቤቱ ለቅሶ መጥቶ፣ "አላህ ይርሐመው፤ ሞተሩ አንዴ ሲነኩት ይነሣል" አለኝ። "አሚን" አልሁት።

ያ ካርቶን አንድ ጠብታ ሳይነካው ዛሬም ሚስማሩ ላይ ነው። ካርቶኑ አለ። እጁ ነው የሌለው።