አጥሬ ላይ የተሰቀለው ግማሽ ኮፍያ

የረጠበ ሱፍ ሽታ ዛሬም ወደ ኋላ ይወስደኛል። እዚህ ነቀምት ከተከራየኋት ክፍል ጀርባ ሴቶች ከሰልባጅ ሹራብ የፈቱትን ክር አጥበው ገመድ ላይ ሲያሰጡት፣ ሽታው ከዝናቡ ጋር ተደባልቆ በመስኮት ይገባል፤ ያን ጊዜ እጄ ከያዘው ሥራ ላይ ይቆምና በሐሳቤ ጥለናት ወደመጣናት ወደ ኪራሙ እመለሳለሁ፤ መጀመሪያ ወደዚያች ጠዋት፣ ከዚያ ወደ ልጅነቴ።

ያን ጠዋት ጄሪካኔን ይዤ ውሃ ልቀዳ ስወጣ፣ የእኔንና የጎረቤቴን የአዳዳ አያንቱን ግቢ በሚለየው የቀርከሃ አጥር ላይ፣ በእኔ በኩል፣ የሕፃን ኮፍያ ተሰቅሎ አየሁ። ቀይ ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ ጣል ጣል ያለበት ነው፤ የተሠራው ግማሹ ብቻ ነው፤ ሁለቱ መርፌዎች እንደተሰኩበት፣ ክሩም በፌስታል ታስሮ ሥሩ ተንጠልጥሏል። ጤዛ ጠጥቶ ስለነበር ስጨምቀው ውሃ ወረደው። ሰፈራችንን የማያውቅ ሰው ቢያየው አንዷ ረስታው ነው ይላል። እኔ ግን ጄሪካኑን እዚያው አስቀመጥኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰፈራችን ሴቶች፣ ኦሮሞውም አማራውም፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ክረምት ሳይገባ ለጤና ጣቢያው ሕፃናት የሹራብ ኮፍያ እንሠራ ነበር፤ ከገጠር በቃሬዛ መጥታ የወለደች እናት የልጇን ራስ ሸፍና በዝናቡ እንድትመለስ። ማን እንደሠራው አይነገርም፤ ካርቶን ውስጥ ይገባል፣ አዋላጇ አንዱን አንስታ ታለብሳለች፣ አለቀ። ታዲያ አንዷ ጀምራ ምጥ ቢይዛት፣ ለቅሶ ቢመጣባት ወይ መንገድ ብትሄድ፣ ሥራውን ቤቷ አታስቀምጠውም፤ ከነመርፌው ጎረቤቷ አጥር ላይ ትሰቅለውና «አደራ!» ብላ ትጣራለች፤ ጎረቤቷ ለምን ሳትል ትጨርሰዋለች፤ ሕፃኑ አይጠብቅማ። አዳዳ አያንቱ ግን ሳይጣሩ ሰቅለውት ሄደዋል። ዞሬ በራቸውን ባየው ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል፤ ዶሮዎቻቸው እንደተዘጋባቸው ይንጫጫሉ። እኒያ ሴት በዕድሜያቸው ዶሮ ሳይለቁ ፊታቸውን ታጥበው አያውቁም። ለሳምንታት ከወዲያ ከወዲህ የግጭት ወሬ ስንሰማ፣ ያልፋል፣ ያልፋል ስንባባል ነበር፤ ድምፅ አውጥተው መጣራት የፈሩበት ቀን ግን የሚያልፍ አልመሰለኝም። ዶሮዎቹን ለቀቅኩላቸው፤ ኮፍያውን ጉያዬ ከተትኩና ገብቼ ልጄን ሰሚራን፣ ጫማሽን አድርጊ አልኳት።

ሹራብ ያስተማሩኝ እኒሁ ሴት ናቸው። አባቴ ከወሎ መጥቶ ኪራሙ ሲሰፍር እኔ አልተወለድኩም፤ ስወለድ አጥሩ ነበር፣ ከአጥሩ ማዶም አዳዳ ነበሩ። አዳዳ ማለት በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው፤ አባቴ እህት አልነበረውም፣ እኔ ግን በአክስት ድርቅ አልተመታሁም። እናቴ ታማ ከሦስተኛ ክፍል ስቀር፣ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ ደብተሬን እንዳቀፍኩ አጥሩ ሥር ቁጭ ብዬ ሳለቅስ አገኙኝና ከብስክሌት ጎማ ሽቦ የተሳሉ ሁለት መርፌዎች እጄ ላይ አስቀመጡ። የቀይ ሹራብ እጅጌ አብረን ተረተርን፤ ክሩ እንደ በግ ጠጉር ተጠቅልሎ ሲወጣ፣ አጥበን ድንጋይ አንጠልጥለንበት እንዲቃና ስናሰጣው፣ ያ የረጠበ ሱፍ ሽታ መጀመሪያ አፍንጫዬ የገባው ያን ዕለት ነው። ቆጠራውን ያስተማሩኝ በራሳቸው ቋንቋ ነው፤ ዲማ ሰዲ፣ አዲ ቶኮ፤ ቀይ ሦስት፣ ነጭ አንድ። አሁንም ገበያ ላይ በአማርኛ እቆጥራለሁ፣ መርፌ ስይዝ ግን ምላሴ ወደሳቸው ይሄዳል።

የሁለት ቀለም ሥራ ከባድ አይደለም፤ ችግሩ ከኋላ ነው። በቀዩ ስትሠሪ ነጩ ክር ተራውን እየጠበቀ በውስጥ በኩል ያልፋል፤ ያን ክር ከወጠርሽው ኮፍያው ከፊት አምሮ ከውስጥ ይታነቃል፣ አይለጠጥም። እኔ ደግሞ እንዳይፈታብኝ ስለፈራሁ በየመስመሩ ጥርሴን ነክሼ እስብ ነበር። የመጀመሪያ ኮፍያዬን ጨርሼ ስኮራ፣ አዳዳ ከሰፈሩ ሕፃናት ትንሿን አምጥተው ሊያለብሷት ቢሞክሩ እንደ ስኒ አናቷ ላይ ቁጭ አለ። አልሳቁብኝም፤ ወደ ጓዳ ገብተው የእንስራቸውን አፍ አለበሱት፤ ልክክ አለ። ያን ክረምት ሙሉ እንስራቸው ቀይ ኮፍያ አድርጎ ከረመ፤ የሰፈሩ ልጆችም የእንስራ እናት እያሉ ጠሩኝ። ኋላ አዳዳ እጄን ይዘው መርፌው የያዛቸውን የክር ቀለበቶች በጣታቸው ዘርዘር አድርገው አሳዩኝ፤ ከኋላ የሚያልፈው ክር ላላ እንዲል፣ ሌላውን ክር ከማንሳቴ በፊት እንዲያ እንዳደርግ።

«ኢንተላ ኮ፣» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «ስትፈሪ እጅሽ ክሩን ይወጥራል። ክሩ ምንም አላደረገሽም፣ ልቀቂው።»

ከኪራሙ በሸሸንበት ጠዋት፣ በተሳፈርንበት የጭነት መኪና ላይ፣ መፍራቴን ሰሚራ እንዳታይብኝ ኮፍያውን አወጣሁና አዳዳ ካቆሙበት ቀጠልኩ። ባሌ ካለፈ ወዲህ እኔና እሷ ብቻ ነን፤ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ እሷን ይዤ ነቀምት መግባት እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ከፊታችን ጆንያ ላይ አንዲት ልጅ እግር እናት የወር ሕፃን በሻሽ ጠቅልላ ተቀምጣለች፤ የሕፃኑ አናት ለነፋሱ ተጋልጧል። አንድ ሽማግሌ መርፌዎቼን አይተው፣ «እናትዬ፣ ሰው ቤቱን ጥሎ ሲሮጥ አንቺ ሥራሽን ይዘሽ ወጣሽ? ቀጣሪሽ ማነው?» አሉኝ። ቀጣሪዬ ገና ጡት እየጠባ ነው አልኳቸው፤ ወደ ሕፃኑ አይተው ሳቁ፣ ያቺ እናትም ፈገግ አለች፤ ከጠዋት ወዲህ ያየሁት የመጀመሪያው ጥርስ ነው።

ጫካው መሃል ስንደርስ መኪናው ቆመ። ዛፍ መንገዱ ላይ ተጋድሟል። ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ሰሚራ ጎኔ ውስጥ ገባች። እኔ ቀና ብዬ ጫካውን ማየት ስላቃተኝ ዓይኔን መርፌዬ ላይ ተክዬ በልቤ እቆጥራለሁ፣ ዲማ ሰዲ፣ አዲ ቶኮ፣ መስመር ጨርሼ ወደ ሌላው፣ እንደገና ወደ ሌላው። ወንዶቹ ወርደው ሲገፉ፣ ሲያቃስቱ፣ ቅርንጫፍ ሲሰበር ይሰማኛል። ዛፉን ንፋስ ይጣለው ሰው፣ የጠየቀ የለም። መኪናው ተነስቶ ጥቂት ከሄድን በኋላ ሰሚራ ኮፍያውን ከእጄ ወስዳ በውስጥ በኩል ጣቷን ከክሩ ሥር ልታስገባ ሞከረች።

«እማ፣» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «የአዳዳ ጣቴን ያስገባል። ያንቺ አላስገባ አለ።»

አየሁት። እስከ መሃል ድረስ የእሳቸው እጅ ለስላሳ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው የእኔ ሥራ ግን እንደዚያ የእንስራ ኮፍያ ታንቋል። ሠላሳ ስንት ዓመት ሙሉ ስንቱን ሕፃን አልብሼ፣ ፍርሃት አንድ ጠዋት መጥቶ ወደ ዘጠኝ ዓመቴ መለሰኝ። አፈርኩ። የሠራሁትን በሙሉ ተረተርኩት፤ ሰሚራ የተፈታውን ክር ጣቷ ላይ እየጠቀለለች ትይዝልኛለች። እንደገና ጀመርኩ፤ በየቀለሙ ቀለበቶቹን ዘርዘር አደርግና አንዴ እተነፍሳለሁ፣ ከዚያ ክሩን አነሳለሁ። እንዲያ ስሠራ ቀና ብዬ መንገዱን ማየት ጀመርኩ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ነቀምት ገባን። ባጃጆቹ ጥሩምባ ይነፋሉ፣ ሁለት ሴቶች ቀድሜ የጠራሁት እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ብለው በአንድ ባጃጅ ይጨቃጨቃሉ፤ ቆሜ ሰማኋቸው፤ ሰው በባጃጅ የሚጣላበት አገር ደርሻለሁ ብዬ ልቤ አረፈ። መንገዱ ዳር ተቀምጬ ነጠላዬ ጫፍ ላይ በምሰካት መርፌ መኪናው ላይ የጨረስኩትን ኮፍያ ጎን ሰፋሁና ለዚያች እናት ሰጠኋት። የሕፃኑ አናት ላይ ስትስበው ተለጠጠ፣ ጆሮውን አልፎ ወረደ። በዕድሜዬ ሙሉ የሠራሁት ኮፍያ የማን ራስ ላይ እንዳረፈ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከወር በኋላ አዳዳ አያንቱ ዲጋ ከተማ፣ ልጃቸው ዘንድ መሆናቸውን ሰማሁ፤ ስልክ ተፈልጎ አገናኙን። ሁለታችንም እንዴት እንደወጣን አልተጠያየቅንም።

«ክሩ በቃሽ?» አሉኝ።

«በቅቶ ተረፈ፣ አዳዳ» አልኳቸው።

 ከዚያ የዶሮዎቹን ነገር ጠየቁኝ፤ ለቅቄያቸው መጣሁ ስላቸው አለቀሱ።

አሁን እዚህ እኔም ከሴቶቹ ጋር ለሕፃናት ኮፍያ እሠራለሁ፤ ሰሚራም ጀምራለች፣ በአዳዳ ቋንቋ ትቆጥራለች፣ እንደኔ አትወጥርም። ክር እዚህም አለ፣ መርፌ ይገዛል፣ ተፈናቅሎ የመጣው ሕፃንም ከኪራሙ ይልቅ እዚህ ይበዛል። የጎደለኝ አጥሩ ነው። ዛሬ የጀመርኩትን ሳልጨርስ አንድ ነገር ቢመጣብኝ የምሰቅልበት አጥር፣ ከማዶም ሳይጠይቅ የሚያነሳው እጅ የለኝም፤ ጎረቤቶቼ ደጎች ናቸው፣ ኮፍያ አጥራቸው ላይ ቢያዩ ግን አንዷ ረስታው ነው ይላሉ። እነግራቸዋለሁ፤ ጊዜ ይወስዳል እንጂ ይገባቸዋል።

እስከዚያው፣ አልሐምዱሊላህ፣ ነቀምት ነን። ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ትቆጥራለች። ደህና ነን።