ካናሉ የጠራ ዕለት

ከዊልስደን ሰፈር ወረድ ብሎ፣ ካናሉ፣ ማለትም የውሃ ቦዩ ዳር ያለው ሕንፃችን ሰሞኑን ደረጃው ቀለም እየተቀባ ነው። ሽታው እትዬ ጥሩነሽን አመጣብኝ። ልጅ ሳለሁ ጎረቤታችን ነበሩ። ይህ ሕንፃ የቀለም ፋብሪካ ሳለ እዚህ ይሠሩ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ እኔን ትምህርት ቤት ያደርሱኛል። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ፋብሪካው ቀለም ወደሚለቅበት ውሃ ጎንበስ ብለው፣ «ዛሬ ቀይ ነው፤ ሥራ አለ» ይላሉ።

አንድ ጠዋት ውሃው ከመጥራቱ የተነሳ ሥር የሰመጠ ብስክሌት ታየኝ።

«እትዬ፣ ጸዳ እኮ» አልኳቸው ደስ ብሎኝ።

አማተቡና እጄን ጨበጥ አደረጉት። «ዝም በይ ልጄ። ይሄ ደግ ነገር አይደለም።»

ማዶ የፋብሪካው በር በሰንሰለት ታስሯል።

ዛሬ በመስኮት ቁልቁል አየሁ። ውሃው እስከ ሥሩ ይታያል። ልጄ አጠገቤ ቆማ፣ «ማሚ፣ ሲያምር» ትላለች።

ሳላስበው እጇን አጥብቄ ይዣታለሁ።