የመስከረም እንባ

ዛሬ ጠዋት አዳማ ውስጥ በእግሬ ልንሸራሸር ወጥቼ የታጨደ ሣር ሸተተኝ። እንደ ልማዴ አስነጠሰኝ፤ ኪኒኔን ውጬ መንገዴን ቀጠልኩ።

በደርግ ጊዜ፣ ልጅ ሳለሁ፣ ኪኒን የሚባል አላውቅም ነበር። መስከረም በጠባ ቁጥር ዓይኔ ቢያብጥም አበባ መልቀሜን አልተውም ነበር።

አንድ መስከረም ለውትድርና አፈሳ ሆነና ታላቅ ወንድሜ ግርማ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ሣር ውስጥ ተደበቀ። እናቴ ምሳውን ቅርጫቴ ውስጥ ከአበባ ሥር ሸሽጋ፣ «የጠየቀሽ ካለ አበባ እየለቀምኩ ነው በይ» ብላ ላከችኝ።

ሐዲዱ ጋ አንድ ጠመንጃ ያነገተ አብዮት ጥበቃ አስቆመኝ።

«ወንድምሽ የት ነው?»

አፌን ስከፍት አከታትሎ አስነጠሰኝ፤ ካበጠው ዓይኔም እንባው ወረደ። ሰውየው ቅርጫቴን ሳይነካ ፊቱን አዞረ።

«በቃ፣ አታልቅሺ። የእኔንም ሁለት ወንድሞች ወስደዋቸዋል» አለኝ።

ግራ ገባኝ። ወሳጆቹ አብዮት ጥበቃዎቹ ራሳቸው ይመስሉኝ ነበር።

ግርማ ምሳውን በላ፤ በማግስቱም በጭነት መኪና ሻሸመኔ፣ አክስታችን ጋ ገባ። ዛሬ እዚያው የልጅ ልጅ አይቷል። የዚያ ሰው ወንድሞች ይመለሱ አይመለሱ ግን የምጠይቀው ሰው የለኝም።