ድንጋዩን ያላየችው አክስቴ

ዲላን በሁለት ቀን አይቼ ልመለስ የሚል እንግዳ ባሌን በፍቃዱን እንዳይጠራ እመክራለሁ። ባጃጇ ደህና ናት፣ ዋጋውም አይከብድም። በፍቃዱ ግን የሚያውቀውን ሰው ደጅ ሳይገባ ማለፍ አይሆንለትም፤ ከዲላ እስከ ይርጋጨፌ ደግሞ የማያውቀው ሰው የለም።

ይህ የታየው ሳንጋባ፣ በ2005 ዓ.ም. አክስቴ ገበያነሽ ከአዲስ አበባ የመጣች ጊዜ ነው። እናትና አባቴ በልጅነቴ ስለሞቱ ያሳደገችኝ እሷ ናት። እኔ ዲላ መዋዕለ ሕፃናት ላስተምር መጥቼ በዚያው ቀርቼ ነበር። የቀረሁበትን ምክንያት በስልክ ስነግራት፣ ባጃጇ የራሱ ናት ወይስ የሰው ብላ ጠየቀች። የራሱ ናት አልኳት። ትንሽ ቆይታ ደወለችና፣ ሥራ ሰልችቶኛል፣ ቅዳሜና እሁድን ዲላ መጥቼ አየር ልቀይር አለች። ለአየር እንደማትመጣ እኔም በፍቃዱም ገብቶናል። እሷ እሺ ካላለች ሽማግሌ አይላክም፤ እሷን አስቀይሜ ደግሞ አላገባም። ዕድሜዬ ሠላሳን አልፏል፣ በፍቃዱን እወደዋለሁ፣ ሌላ ሰው አልፈልግም። ነገሩ ይኸው ነበር።

አክስቴ የመሥሪያ ቤት ሰው ስለሆነች የምታየውን ቆርጣ ነው የመጣችው። ቅዳሜ ጠዋት ገበያውን፣ ከሰዓት ኮንጋ የቡና ማጠቢያውን፣ እሁድ ከቸርች መልስ የቱቱ ፈላን ትክል ድንጋዮች። ድንጋዮቹን ቢሮዋ ውስጥ የተሰቀለ ካላንደር ላይ አይታቸዋለች፤ አጠገባቸው ቆሜ ፎቶ ተነስቼ እመጣለሁ ብላ ለባልደረቦቿ አውርታለች። በፍቃዱ ሁሉንም እሺ አለ። ሸሚዙን አስተኮሰ፣ የባጃጇን ወንበር አዲስ ልብስ አለበሰ።

ቅዳሜ ገበያው ጫፍ ስንደርስ አናናስ የምትሸጠው የአባቱ እህት አየችን። አናናሷን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ ቤቷ ይዛን ሄደች። ቆጮ በጎመን ቀረበ። አክስቴ ቁርሷን በልታ ነበር፤ በልቻለሁ ብትል ምግቡን የናቀች እንደሚመስልባት በጆሮዋ ነገርኳትና በላች። ከዚያ ወጥተን ብዙም ሳንሄድ አብሮት የተማረ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ባጃጇን አስቆመ። እዚያ ደግሞ የቡላ ገንፎ ነበር። የአባቱ ታናሽ እህት ታላቅየዋ ቤት መግባታችንን ሰምታ ኖሮ ልጅ ላከችብን። አለመሄድ ጠብ ነው፣ ሄድን። ኮንጋ የደረስነው ሲመሻሽ ሲሆን የማጠቢያው ሠራተኞች ወጥተው ቡና የሚሰጣባቸው የእንጨት አልጋዎች ብቻ ባዷቸውን ቀርተዋል። እዚያም አጎት አለው። ወተት ጠጣን።

ማታ አክስቴ ሆቴሏ በር ላይ ቀበቶዋን እያላላች፣ ይህ ልጅ መንገዱን በትክክል ያውቀዋል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። በፍቃዱን ለብቻው ወስጄ አፌ ያመጣውን ሁሉ ነገርኩት። ነገ አንድ ሰው ሰላም ብለህ ብትቆም አላውቅህም፣ እኔንም አታውቀኝም አልኩት። እሺ፣ ወደ ፊት ብቻ አያለሁ አለ።

እውነትም እሁድ አንገቱን እንደቆረጠመው ሰው ፊት ለፊት እያየ ነዳ። ሰዎች ከመንገድ ዳር ስሙን ይጠራሉ፣ እሱ ወይ ፍንክች። አክስቴ ደስ አላት፤ ካሜራዋን አውጥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ወናጎን አልፈን ወደ ድንጋዮቹ በሚወስደው ኮረኮንች ገባን። ከመድረሳችን በፊት እንሰት ውስጥ ሸራ ተወጥሮ ሰዎች ተቀምጠዋል፣ መዝሙር ይሰማል። ለቅሶ ነው። በፍቃዱ አለፈው። ትንሽ ሄደና ባጃጇን አቆመ። ዞሮ አላየኝም።

“ኤልቤቴል፣ ተሻለ ነው የሞተው” አለ። “በቃ፣ አላውቅህም በይኝ።”

ወርዶ በእግሩ ተመለሰ። ተሻለ ዘመዱ አይደለም። ባጃጅ ሳይገዛ በፊት የቡና ጆንያ አብረው የተሸከሙ ሰው ነው። እኔ ምን ይዋጠኝ፣ ወርጄ ተከተልኩት። አክስቴ ባጃጅ ውስጥ ብቻዋን መቀመጡ ስላላማራት ካሜራዋን ቦርሳዋ ከትታ ወረደች፣ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፣ ተከተለችው።

ሴቶቹ ለእንግዳ ብለው ከሟች ሚስት ከእታገኝ አጠገብ አስቀመጧት። እታገኝ አታለቅስም ነበር፤ ስለ ጫማ ነው የምታወራው። የተሻለ ጫማ አልጋው ሥር ነው፣ አሁን ምን ላድርገው፣ ለማን ልስጠው እያለች የመጣውን ሁሉ ትጠይቃለች። አክስቴንም ጠየቀቻት።

“የእኔም ባል ጫማ እስካሁን አልጋው ሥር ነው” አለቻት አክስቴ።

ከዚያ አለቀሰች። ባሏ ጋሽ ዘነበ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነበር። ያኔ የሐዘን ፈቃዷን ጨርሳ ቢሮ ገባች፤ እንባዋን ያየ የለም፣ እኔም አላየሁም። ኮንዶሚኒየሟን ከዚያ ወዲህ የሚያንኳኳው ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ ብቻ ነው። አሁን የማታውቃትን ሴት አንገት አቅፋ፣ ዘነበ፣ ዘነበ ትላለች። እታገኝም ያኔ እንባዋ መጣ። እኔ ለየትኛው እንደማለቅስ ሳላውቅ አለቀስኩ። እስኪመሽ ተቀመጥን። ድንጋዮቹ ከዚያ በእግር የሚደረስባቸው ነበሩ፤ ስማቸውን ያነሳ የለም።

ሰኞ ንጋት ላይ መናኸሪያ ሸኘናት። በፍቃዱ ሌሊቱን አልተኛም። መሬት መሬት እያየ፣ ድንጋዩን ሳላሳይዎት ቀረሁ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ አላት። አክስቴ ቦርሳዋን ተቀብላው አውቶቡሱ ደረጃ ላይ ወጣችና ዞረች።

“ሽማግሌ ላክ” አለችው። “አደራህን ግን፣ የሞትኩ ቀን እንግዳ ይዣለሁ ብለህ እንዳታልፈኝ።”

ይኸው ተጋብተን ሁለት ልጅ ወልደናል። አክስቴ በየዓመቱ ትመጣለች፤ ሆቴል አትይዝም፣ እታገኝ ቤት ነው የምታድረው። የጋሽ ዘነበን ጫማ ለእታገኝ ወንድም አምጥታ ሰጥታለች፣ ልክክ ብሎለታል። ከእታገኝ ጋር ደጃፏ ላይ የተነሳችውን ፎቶ ያዩ ባልደረቦቿ፣ ፎቶው ላይ ያለሽው ከአንዲት ገበሬ ጋር ነው፣ ድንጋዩ የታለ ይሏታል። ከእንሰቱ ጀርባ ነው ትላቸዋለች።