ከመንገዱ ማዶ ያለው የአማቹ ሱቅ

ቀለም ሻጩ ከማዶ ያለውን የሚስቱን ወንድም ሱቅ ባየ ቁጥር በቅናት ይበግናል። የሚሸጡት አንድ ዓይነት ቀለም ነው፤ እንዲያውም የአማቹ ቀለም ታክስ ተጨምሮበት ይወደዳል። ቀለም የሚገዙት የሕንፃ ተቋራጮች ግን መኪናቸውን የሚያቆሙት እዚያ ነው።

«አንድ ነገር ቢያስነካቸው ነው!» እያለ ሚስቱን ያሰለቻታል።

አንድ ቀን የድሮ ደንበኛው የነበረ ተቋራጭ በደጁ ሲያልፍ ያዘው። «ጋሼ፣ ምን በደልኩዎት?»

«ምንም። አማችህ ለተጨማሪ እሴት ታክስ ስለተመዘገበ፣ ለእሱ የከፈልኩት ታክስ በደረሰኙ እኔ ለመንግሥት ከምከፍለው ታክስ ላይ ይቀነስልኛል። አንተ ግን አልተመዘገብክም። ስትገዛ የከፈልከውን ታክስ ዋጋህ ውስጥ ደብቀህ እኔው ላይ ትጭነዋለህ።»

ቀለም ሻጩ በማግስቱ እንደምንም ራሱን አሳምኖ ተሻገረና አማቹን ስለ ምዝገባው ጠየቀው። አማቹም ደስ ብሎት የደረሰኝ ማሽኑን ያሳየው ጀመር።

«ቆይ እስቲ፣» አለ ቀለም ሻጩ ማሽኑን ገላምጦ፣ «ከዚህ ተለቅ ያለ የለም?»