እንግዳ ለሚበዛበት ጋራዥ የሚሆን ፕሬስ

አሜሪካ፣ ኦሮራ ከተማ በሚገኘው የአደን ዕቃ መሸጫ ሥራ የጀመርኩት ካሸር ተብዬ ነበር። በጀመርኩበት ዕለት ጠዋት የጥይት መሥሪያ ባንኮኒው ሠራተኛ ሥራውን ጥሎ ስለሄደ፣ አለቃዬ ዳግ ወደ ሱቁ ጀርባ ወስዶኝ «ከዛሬ ጀምሮ የሪሎዲንግ ክፍል ኃላፊ አንቺ ነሽ» አለኝ። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሠራተኛ ስላልነበረ የምመራው ራሴን ብቻ ነበር። ባሩዱን በማንኪያ አውጥቶ ሲያሳየኝ ጥቁር አዝሙድ መሰለኝ። ልናገር አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት።

ሪሎዲንግ ማለት የተተኮሰ ቀለሃ አጽድቶ፣ ባሩዱን የሚለኩስ አዲስ ፕራይመር፣ ባሩድና አረር አግብቶ እንደገና ጥይት ማድረግ ነው። ዒላማ ተኩስ የሚወዱ ሰዎች ቤታቸው፣ ጋራዥ ጥግ ላይ ይሠሩታል። ዳግ ማሽን እንድሸጥ ከመፍቀዱ በፊት ለወራት በሲንግል ስቴጅ ፕሬስ አሠራኝ። ይህ የጥይት መሥሪያ ማሽን እጀታው በተሳበ ቁጥር አንድ ሥራ ብቻ ይሠራል፤ ትዕግሥት የሌለውን ሰው ያሳብዳል። ክንዴ ከጠነከረ በኋላ ፕሮግረሲቭ ወደሚባለው ማሽን አሳደገኝ።

ፕሮግረሲቩ ላይ የሚዞር ክብ ሳህን አለ፣ ቀለሃዎቹም በዙሪያው ይቆማሉ። እጀታው አንዴ ሲሳብ አንዱ አሮጌ ፕራይመሩ ይወጣለታል፣ ሌላው ባሩድ ይቀበላል፣ ሌላው አረር ይገጠምለታል፣ ያለቀለት ደግሞ ሣጥን ውስጥ ይወድቃል። መጀመሪያ ሳየው ደስ ብሎኝ ሳቅሁ።

የእኛ አገር ሰዎች ባንኮኒዬ ጋ ሲደርሱ ሁልጊዜ የሚሉት አንድ ነገር ነበር፦ «እህቴ፣ ሰውየውን ጥሪልን።»

«ሰውየው እኔ ነኝ» እላለሁ።

ከዚያ አንዱ ይስቅና «እሺ፣ የቱ ነው ጥሩው?» ይላል። ይህ ጥያቄ «የቱ ጫማ ነው ጥሩው?» እንደማለት ነው። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ። ብዙ ትተኩሳለህ ወይስ በወር አንዴ? አንድ ዓይነት ጥይት ነው ወይስ የተለያየ? ጠረጴዛህ ይወዛወዛል? የመጨረሻው ጥያቄዬ ሳህኑን የሚመለከት ነበር፤ አንዳንዱ ፕሬስ እጀታው ሲመለስ ሳህኑን ራሱ ያዞራል፣ አንዳንዱን ግን ሠሪው በጣቱ ማዞር አለበት።

ጋሽ ታደሰ በጣት የሚዞረውን መረጡ። ጡረታ የወጡ የኤርፖርት ሹትል ሾፌር ናቸው፤ በወጣትነታቸው ሰዓት ጠጋኝ ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአማቻቸው ጋር ዒላማ ይተኩሳሉ።

«ልጄ፣ ራሱን የሚያዞር ነገር አላምንም» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ይሄኛው ግን መሀል ላይ ካቋረጡ የት እንደደረሱ አይነግርዎትም። ሳያዞሩት ደግመው ከሳቡ፣ ያው ቀለሃ ሁለተኛ ባሩድ ይቀበላል።»

«እኔ ላቋርጥ? ሰዓት ስጠግን ምሳዬን እንኳ የምረሳ ሰው ነኝ።»

ጣታቸውን አየሁት፤ ንቅንቅ አይልም። ሸጥኩላቸው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ማሽኑን በካርቶን አቅፈው፣ ፊታቸውን አጨፍግገው መጡ። ከሠሯቸው ጥይቶች አንዳንዶቹን ቢመዝኗቸው ከብደውባቸዋል። «ባሩድ መስፈሪያው ያጭበረብራል። ሪተርን አድርጊልኝ» አሉ። ባንኮኒው ላይ ገጥሜ ሞከርኩት። ልክ ነው። ዳግ ራሱ ሞከረው፤ ልክ ነው።

«ማሽኑ ደህና ነው። ችግሩ ሰውየው ነው» አለ ዳግ። እንግሊዝኛ አይገባቸውም ብሎ ነው መሰለኝ፣ ድምፁን እንኳ ዝቅ አላደረገም።

«እንደ ሰካራም ቆጠረኝ እኮ!» አሉ ጋሽ ታደሰ፣ በአማርኛ ለእኔ። እኔም ተናደድኩ። «ጋሼ፣ ነገ እረፍቴ ነው። ቤትዎ መጥቼ ሲሠሩ ልይዎት። እስከዚያ አንድም እንዳይተኩሱ» አልኳቸው።

ቤታቸው ግሪን ቫሊ ራንች የሚባል ሰፈር ነው። መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ስገባ የጋራዡ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጋሽ ታደሰ እጀታውን ለቀው ብድግ አሉና «ኖር!» አሉ።

«በሞቴ፣ አይነሱ!»

ተነስተዋል። ተቀመጡና ቀጠሉ፤ እኔም አጠገባቸው ቆምኩ። አሠራራቸው የሚያስቀና ነው። ይስባሉ፣ ይመልሳሉ፣ በአውራ ጣታቸው ያዞራሉ። አፍታም ሳይቆይ አንድ ጎረቤት በጋራዡ በኩል ገባ። ጋሽ ታደሰ እጀታውን መልሰው፣ ገና ሳያዞሩ ብድግ አሉ። «ኖር!» ጎረቤቱ «ኧረ በእግዜር!» እያለ ትከሻቸውን ይዞ ሊያስቀምጣቸው ታገለ። ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች ተጠያየቁ። ከዚያ ተቀመጡ፣ እጀታውን ያዙ፣ ሳቡ።

«ጋሼ፣ ያቁሙ!» ብዬ ጮህኩ።

ቀለሃውን አውጥቼ አሳየኋቸው። ባሩዱ እስከ አፉ ሞልቷል። ያ ቢተኮስ ሽጉጡ እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ባልዲ ላይ ተቀመጥኩ።

ጋሽ ታደሰ ቀለሃውን ብዙ አዩት። ከዚያ ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። «አማቼ…» አሉ። «ደህና የመሰሉኝን ለይቼ ዛሬ ጠዋት አንድ ሣጥን ሰጥቼዋለሁ። ከሥራ ሲወጣ ሊሞክረው ነው።»

ስልኩን አንስተው ደወሉለት። አማችየው አላነሳም። ደገሙ። አላነሳም። ጎረቤቱ ጥግ ይዞ ይጸልይ ጀመር። በሦስተኛው አነሳው።

«አባባ፣ ድራይቭ እያደረግኩ ነው፣ ተኩስ መለማመጃው ሬንጅ ጋ ልደርስ ነው። ሰላም ነው?»

«ልጄ፣ እንዳትተኩስ። አንዷንም። የሠራሁት ተበላሽቷል፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ዞረህ ወደ ቤት ና።»

ስልኩን ዘግተው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ።

አማችየው መጣ። ያን ምሽት ሦስታችን የተሠሩትን ጥይቶች ሁሉ አረር መንቀያ መዶሻ ይዘን አንድ በአንድ ፈታን። በጣም የከበዱት ውስጥ እጥፍ ባሩድ አገኘን።

«ጋሼ፣ ሲሠሩ በሩን ይዝጉ» አልኳቸው።

«በሬን? ሰው ምን ይለኛል?»

«እሺ፣ ሰው ሲገባ አይነሱ።»

እንዲህ ያለ ነገር እናት አባቴ አላስተማሩኝም በሚል ዓይን አዩኝ። ተውኩት።

በማግስቱ ዳግን ማሽኑን ራሱን በሚያዞረው እንዲለውጥላቸው ጠየቅኩት።

«ምክንያት?»

«ለእንግዳ ይነሳሉ።»

«እንዳይነሱ ንገሪያቸው።»

«አንተ ንገራቸው።»

አዲሱን ማሽን ጭኖ አብሮኝ መጣ። ጋራዡ ውስጥ እግሩን ሳያስገባ እኚያ ሽማግሌ ብድግ ብለው «ኖር!» አሉት። ዳግ ማን ከኋላው እንደገባ ለማየት ዞረ። ማንም የለም። ለእሱ ነው። ሣጥኑን እንደታቀፈ ፊቱ ቀላ፤ ከዚያ ወዲያ «እንዳይነሱ» የሚል ቃል አልወጣውም። ማሽኑን ገጠመላቸው፤ ባሩድ ሲበዛም ሲያንስም የሚጮህ መቆጣጠሪያ ከራሱ ኪስ ከፍሎ አሰረላቸው።

«ይህም ሆኖ እያንዳንዱን ቀለሃ በዓይንዎ ይዩ። ደግሞ እጀታውን ጨርሰው መልሰው ይነሱ» አልኳቸው።

አሰቡበት። «እንግዳ እጀታ እስኪመለስ ቢጠብቅ አይሞትም» አሉ።

ዛሬ ባንኮኒው ላይ አዲስ ሠራተኛ ሳሠለጥን ደንበኛውን የማስጠይቀው አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ፦ ስትሠራ ማን ይመጣብሃል? ሠልጣኙንም እንዲህ እለዋለሁ፦ ገዢው ጠባዬን እለውጣለሁ ካለህ አትመነው። የማይለወጠውን ነገሩን እወቅና ለእሱ የሚሆነውን ፕሬስ ስጠው።