የጋሽ ገብረክርስቶስ የቃላት መዝገብ

ጋሽ ገብረክርስቶስ ጊዳ አያና ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማሩ ሰው ናቸው። አሁን ነቀምቴ ውስጥ ከእኔ ቤት አጠገብ ባለች አንዲት የኪራይ ክፍል ይኖራሉ። እኔም እዚያው አያና ሒሳብ አስተምር ነበር፤ በአካባቢው የተነሳው ግጭት ሲበረታ የወጣነው አንድ ላይ ነው። እኔ ልብሴንና ሬዲዮዬን ይዤ ስወጣ እሳቸው አንድ ወፍራም መዝገብ በብብታቸው ሸጉጠው ወጡ። «ብርድ ልብስ ቢይዙ አይሻልም ነበር ጋሼ?» አልኳቸው መንገድ ላይ። ዛሬ ሳስበው ምላሴን በቆረጠው ኖሮ እላለሁ።

መዝገቡ የቃላት ነው። ጋሼ በየሳምንቱ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ይሰጣሉ፤ ተማሪው ሁሉ ከቤቱ ኑሮ አንድ ዐረፍተ ነገር ያወጣበታል። ዓርብ ዓርብ መዝገቡ ከወንበር ወንበር ይዞራል፤ ልጆቹም በገዛ እጃቸው ስማቸውንና ቀኑን እየጨመሩ ይጽፉበታል። «ኪፕ» የተባለው፣ መጠበቅም ማቆየትም የሚሆነው ቃል የተሰጠበት ሳምንት ትዝ ይለኛል። ቶላ አባቱ ንብ እንደሚያረቡ በኪፕ ጻፈ። ኢማን የአክስቷን ምስጢር እንደምትጠብቅ በዚያው ቃል ጻፈች። ኦብሳ ደግሞ ወተት በእነሱ ቆላ ሳይበላሽ እንደማያድር። ዝም በል ለማለትም፣ ቃልን ለማክበርም፣ የብሩን መልስ ያዘው ለማለትም፣ ሰውን ቆይ እያሉ ለማስጠበቅም ያው ኪፕ ነው። «እንግሊዞች የቃል ድርቅ መታቸው እንዴ? አንዱን ምስኪን ለዚህ ሁሉ ሥራ የሚያሰማሩት» ብዬ ስቀልድባቸው፣ «አንተ የሒሳብ ሰው፣ ቃል እንደ ቁጥርህ አንድ ቦታ ተገትሮ አይኖርም» ይሉኝ ነበር።

ኪፕ የተሰጠው ለሰባተኛ ክፍል ነበር፤ በዚያ ክፍል ውስጥ አንዲት ልጃቸው ብፅዓትም ትማር ነበር። ሁሉን ሲያስጽፉ እሷን አያስጽፏትም። ለልጃቸው ያደላሉ እንዳይባሉ ነው። «የእኔ ተራስ?» ስትላቸው «ቆይ፣ በኋላ» እያሉ ዓመቱን ሙሉ አለፏት። እኔ አድልዎ እጠላለሁ፤ ይሄን ግን ከአድልዎም አብልጬ ጠላሁት፣ ፊት ለፊትም ነግሬያቸዋለሁ። አልሰሙኝም።

ከአያና ስንወጣ ብፅዓት መንገድ ላይ ወባ ያዛት። ነቀምቴ ሳንገባ፣ ኡኬ ከተማ እንደደረስን አረፈች። አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ደብተሮቿ ከነቤቱ ቀርተዋል። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ገብረክርስቶስ የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ የልጃቸውን የእጅ ጽሑፍ፣ አንድ መስመር እንኳ ቢሆን። እንዳላስጻፏት ራሳቸው እያወቁ ያንን መዝገብ በየቀኑ ከዳር እስከ ዳር ይገልጡታል። ሰው ያላስቀመጠውን ሲፈልግ ማየት ያማል።

ሌሎች ግን በመዝገቡ ተጠቀሙ። የትምህርት ማስረጃቸው የጠፋባቸው የአያና ልጆች እየመጡ ስማቸው ያለበትን ገጽ ፎቶ ኮፒ ያስነሳሉ። ጋሼ በመምህርነታቸው ይፈርሙበታል፤ አንዳንዱ ትምህርት ቤትም ይቀበላቸዋል። ባለፈው መስከረም ሊሊሴ መጣች። ከብፅዓት ጋር አንድ ወንበር ላይ ትቀመጥ የነበረች ልጅ ናት። ከትምህርት ርቃ ስንት ዓመት ቆይታ ስምንተኛ ክፍል ልትመዘገብ ነው።

«አካም ጅርቱ ባርሲሳ» አለች በሩ ላይ ቆማ፤ እንደምን አሉ መምህር ማለቷ ነው።

«ፈያ። ኮቱ ኢንተላ ኮ» ደህና፣ ነይ ልጄ ብለው ወንበር ሳቡላት።

ትምህርት ቤቱ ኮፒ አልቀበልም፣ ኦሪጅናሉን አምጪ ብሏታል። ምዝገባው ነገ ይዘጋል። ጋሼ ስሟ ያለበትን ገጽ ፈለጉላት፤ የኪፕ ገጽ ነበር። በሊሊሴ ስም የተጻፈው ወደ አማርኛ ሲመለስ «አባቴ ሁልጊዜ ያስጠብቀኛል» ይላል። ጋሼ ያኔ በቀይ እስክሪብቶ «በጣም ጥሩ» ብለውበታል።

ሊሊሴ አንገቷን ደፋች። «ባርሲሳ፣ ልዋሽዎት አልፈልግም። ይሄን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም። ያን ሰሞን ማጭድ እጄን ቆርጦኝ ነበር። መዝገቡ እኛ ጋ ሲደርስ ብፅዓት ናት፣ እንዳያውቁባት የእኔን ፊደል አስመስላ የጻፈችልኝ። እኔማ አባት የለኝም።»

ጋሼ መዝገቡን ወደ ራሳቸው ሳቡት። ከዚያ ጣታቸውን መስመሩ ላይ አኖሩ። ብፅዓት ስትጽፍ እስክሪብቶውን በጣም ትጫነው ነበር፤ ፊደሎቹ በገጹ ጀርባ በኩል ይዳሰሳሉ። በጀርባውም ዳሰሱት። አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ።

ልጅቷ ደንግጣ ተነሳች። «ግዴለም ባርሲሳ፣ እርስዎ ጋ ይቆይ። እኔ በሚቀጥለው ዓመት እመዘገባለሁ።»

እውነቱን ለመናገር እኔም በልቤ ይቅርባት ብዬ ነበር። ሌላ ማስረጃ ይፈለግላት፣ ይሄ ግን ለእሳቸው ይቅር።

«ክፍሌ ውስጥ ነበርሽ፤ እሱን እፈርምልሻለሁ» አሉ ጋሼ። «አንድ ልጅ አስጠብቄያለሁ። አንቺን አላስጠብቅም።»

በስልኬ ፎቶ አነሳሁላቸው። አዩትና መረቁኝ፣ ስልኩን ግን መልሰው ሰጡኝ። «ይሄ አይዳሰስም» አሉ። ማስመሪያ አስይዘው ገጹን በምላጭ ቆረጡ፣ ከግርጌው ፈረሙ፣ እንዳይታጠፍባትም በፕላስቲክ ክላሰር አድርገው ሰጧት። ሊሊሴ ጉልበታቸውን ስማ ወጣች። ባጃጅ ይዛ እስክትሄድ በሩ ላይ ቆመው ሸኟት።

ተመልሰው ሲቀመጡ መዝገቡን ከፈቱና ከተቆረጠው ቀጥሎ ያለውን ገጽ በጣታቸው ይደባብሱ ጀመር። የእስክሪብቶዋ ጫና ወደዚያ አልፎ እንደሆነ ብለው ነው። በዚያ ገጽ ላይ ግን ሃያ የሚሆኑ ልጆች ጽፈውበታል፤ የቱ ጭረት የማን እንደሆነ አይለይም። «እዚህ ጋ ይመስልሃል?» አሉኝና እጄን ይዘው ወረቀቱ ላይ አሳረፉት። ምንም አልተሰማኝም። «አዎ ጋሼ፣ እዚያ ጋ ነው» አልኳቸው።